ልብ የወለደው

በካርቶን ታሽጎ መጣ ማክሰኞ ጠዋት፣
ከሠላሳ መጽሐፍ መሐል፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለበት።
እንደ ልማዴ ቁጥር ለጥፌ ማኅተም መታሁ፤
ገለጥ ባደርገው የእኛን ደረጃ አገኘሁ።

የይሩሐምን ደረጃ። አምፖሉ የተሰበረውን፣
ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት
አቪሻይ በቢላ ተወግቶ የወደቀበትን።

ጸሐፊው እዚህ የቆየው ሦስት ቀን ነው፤
ፈላፍል ቤቱ በር ተቀምጦ ያላፊ አግዳሚውን ወሬ ሲለቅመው።
ስም ለውጧል። ዝናብ ጨምሯል፤
በእሱ ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ይዘንባል።
እኛ ዘንድ ያን ሌሊት አቧራ እንጂ ጠብታ አልነበረም፤
ደሙን ያጠበው የሰው እጅ ነው፣ ሰማይ አይደለም።

ትርንጎ መጣች። ዕብራይስጥ አታነብም።
«አንብቢልኝ» አለች፣ «ልጄን ምን አሉት?»
የመጀመሪያውን ምዕራፍ በአማርኛ መለስኩላት።
«የእናቲቱ ዋይታ መንደሩን አናወጠው፤
እንባዋ…» ስል፣ እጇን ዘርግታ ገጹን ያዘችው።

«ውሸት። እኔ አላለቀስኩም።
ፖሊሶቹ ሲሄዱ ባልዲ ሞልቼ ደረጃውን አጠብኩ።
ሦስተኛው እርከን ላይ ስንጥቅ አለ፣
እዚያ ገብቶ እምቢ አለኝ፤
በገዛ ጥርስ ብሩሹ ፈተግኩ።»

ቆይታ ጠየቀችኝ፣
«እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ምን ይሉታል?»
«ልብ ወለድ» አልኳት።
«እንግዲያ ተሳስቷል።
እሱን ልብ አልወለደውም፤ እኔ ነኝ የወለድኩት፣
ቤርሳቤህ ሆስፒታል፣ ያለ አስተርጓሚ፣ ሁለት ሌሊት ያማጥኩት።»

መጽሐፉ የማያውቀው አለ።
የገዳዩ እናት ባንቻየሁ
ከትርንጎ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች ዛሬም፤
የመንግሥት ቤት ነው፣ ቀይሩልኝ ብትል የሚሰማት የለም።
ሁለቱም በር ከመክፈታቸው በፊት ጆሮ ይጥላሉ፤
የአንዷ ኮቴ እስኪጠፋ፣ ሌላዋ ቁልፍ ይዛ ትቆማለች።
የላይኛዋ ልብስ ስታሰጣ
በታችኛዋ አንሶላ ላይ አንዲት ጠብታ እንዳትወርድ
መዳፏ እስኪላጥ ትጨምቃለች።

ሽማግሌ ገብቶ ነበር፣ ቄሱም ከሩቅ መጥቶ፤
«ደም ይደርቃል» ተባለ።
ሻዩ ግን ሳይነካ ቀረ፣ ብርጭቆው ላይ ረግቶ።

በሳምንቱ፣ መብራት ላጠፋ ስል፣ ባንቻየሁ ገባች።
ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፤ ቦርሳዋን አቅፋ ቆመች።
«የእኔንስ ልጅ ጽፎታል?»
«አዎ።»
«እኔንስ? ምን ብሎኛል?»

ቦታውን አውቀዋለሁ፤ እንደማላውቅ ገጽ አገላበጥኩ፣
አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ሄድኩ።
«እናት የለውም ይላል። እሱን ስትወልድ ሞታለች።»

ባንቻየሁ ዝም አለች።
ከውጭ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ። አሁንም ዝም አለች።
«ደግ ሰው ነው» አለችኝ በመጨረሻ፤
«ለእሷም ነፍስ ይማር።»
ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች፣
ማንም በሌለበት እንኳ ኮቴዋን እየደበቀች።

እኔ በሬን ቆለፍኩ፤ እርሳስ አወጣሁ።
ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤
«ዝናብ» የሚለውን ቃል፣ ካገኘሁበት ሁሉ ሰረዝኩ።
ስለ እናቱ ሞት የምትለዋን መስመር ግን
እንዳለች ተውኩ።