ጥያቄ አሥራ ሰባት

ምዕራፍ አራት ላይ፣ ጥያቄ አሥራ ሰባት፣
ሦስት ሌሊት ሙሉ ያለፍኳት ሳልነካት፤
አሥራ ስድስትን ጨርሼ ወደ አሥራ ስምንት ስሻገር
እርሳሴ ያነክስ ነበር።

እንዲህ ነው የምትለው፦
«አምስት ሜትር መሰላል ግድግዳ ተደግፏል፤
በሰከንድ አንድ ሜትር ግርጌው ይንሸራተታል፤
ግርጌው ከግድግዳው ሦስት ሜትር ሲርቅ
የአናቱ አወራረድ ፍጥነቱ ይታወቅ።»
ይኸው ነው። ሌላ የላትም።
መጽሐፉ ግንበኛ አያውቅም።

አባቴ እንግዳወርቅ ግንበኛ ነው። ወይስ ነበረ?
የሰላ ድንጋይን ድንጋይ ሲጠርብ፣ ሲገጥም የኖረ፤
አምና ኅዳር ላይ፣ የወፍጮ ቤቱ ግንብ ሁለት ረድፍ ሲቀረው፣
የቆመበት መሰላል ከሥሩ ሸሸና ዳሌውን ሰበረው።

አሁን ማታ ማታ፣ በባና ተጠቅልሎ፣
ቱንቢውን ያወዛውዛል ከምሰሶው ላይ ሰቅሎ።
የደብተሬን ፊደል አይለይም፤ ሥዕሉን ግን ያያል፤
«ይቺን ቀጤ ያረግሻት በሦስት፣ በአራት፣ በአምስት ነዋ» ይለኛል።
መምህር ሽመክት ሰሌዳ ላይ ፓይታጎረስ ብሎ የሚጠራው
ለአባዬ አሥራ ሁለት ቋጠሮ ያለው ገመድ ነው፣ ቤት የሚሠራው።

ዛሬ ግን ጣቱን ከሥዕሉ ላይ አኑሮ
«መሰላል ነው ይሄ» አለ፣ ድምፁ እንደ ድሮ።
«ምን ይላል?» አለኝ።
«መሰላል አይደለም፣ ይመስላል» ልለው አሰብኩ፤ ምላሴ ከዳኝ።

አነበብኩለት፣ ከመነሻው እስከ ማብቂያው።
«ሰውየውስ?» አለ፣ «የታለ ላዩ ላይ ያለው?»
«ሰው የለበትም አባዬ፤ ባዶውን ነው።»
«ባዶ መሰላልማ ለምን ይንሸራተታል? ክብደት ነው የሚያስኬደው!»
እና ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ
ሲስቅ አላየሁም እንዲህ።

«መጀመሪያ» አለ፣ «ቀስ ነው። ጊዜ አለሽ።
የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት፣ የሰው አጥር፣ ሁሉን ታያለሽ፤
አሁን ይቆማል ትያለሽ።
ከዚያ ፈጠን።
መጨረሻው ግን... መጨረሻው...» ቃል አጣለት፤
መዳፉን በመዳፉ አንዴ ጧ አደረገለት።

እርሳሴን አነሳሁ።
የግርጌው ስኩዌር ሲደመር የቁመቱ፣ ሃያ አምስት።
ከጊዜ አንጻር ዴሪቬቲቭ ወሰድኩ። ግርጌው ሦስት፣
ቁመቱ አራት፤
መልሱ በሰከንድ ሦስት አራተኛ ሜትር፣ ወደ ታች።
መጽሐፉ እዚህ ያቆማል። እኔ ግን አላቆምኩም፤
ግርጌውን ወደ አራት ገፋሁት፣ ወደ አራት ተኩል፤ አልጠገብኩም፤
አምስት ሊሞላ ስንጥር ሲቀረው
ከክፍልፋዩ ሥር ቁመቱ ሟሙቶ ፍጥነቱን ልጓም አስበጠሰው።
ሊሚት የለውም።
ጧ።
አባቴ ያጣውን ቃል እኔም አላገኘሁም።

«ስንት መጣ?»
«ሦስት አራተኛ።»
«ለፈተናው?»
«ለፈተናው።»
ቱንቢው ውዝዋዜውን ትቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል።
«ቀጣዩስ ምን ይላል?»
«በርሜል ነው፣ ከሥሩ ውሃ የሚያፈስ።»
«እሱን እናትሽን ጠይቂ» አለና
ወደ ግድግዳው ዞረ።