ድርና ናፍጣ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወሩ፣
ባጃጄንም ሸጬ፣ ሞልቶ የዕቁብ ብሩ፣
"ጀልባ ልገዛ ነው" ስል ሳቀብኝ ሰፈሩ።
"ለዓሣ ነው?" "አይደለም።" "ለንግድ ነው?" "አይደለም።
ለመንሸራሸር ነው።" "ወዴት?" እሱን አላውቅም።

ባሕር ዳር፣ ወደቡ፣ ከዋርካው ጥላ ሥር፣
ሁለት ጀልባ ቆመዋል፣ ጎን ለጎን በእስር።
አንዷ ሞተር ብቻ፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ ፈጣን፣
ገና ያልተገፈፈ የወንበሯ ሽፋን።
ሌላዋ ደንዳና፣ ሆዷ ሰፋ ያለ፣
ሞተሯ ከሥሯ፣ ሸራዋ የተሰቀለ።
"ይቺማ በቅሎ ናት" አለ ሻጩ ልየው፣
"አባትሽ ማን ቢሏት፣ አጎቷን ነው የምትጠራው።
እንደ ፈረስ አትሮጥ፣ እንደ አህያ አትዘገይ፣
መንገድ ግን ታውቃለች፣ ሰው አትጥልም ገደል ላይ።"

የሚስቴ ወንድም ታደገ ፈጣኗን ነው የወደደ፤
"ዘጌ በሃያ ደቂቃ! ሸራ እኮ ድሮ ሄደ!"
እኔ ግን ማደያው ደጅ ትዝ አለኝ ያ ሌሊት፣
ጀሪካን ተንተርሼ ሰልፍ የጠበቅሁበት።
እምቦጩም ትዝ አለኝ፣ ያ አረንጓዴ ሌባ፣
ሞተሩን ጠምጥሞ ሲያስር ስንቱን ጀልባ፤
ሸራ ግን ከላይ ነው፣ አረም አይደርስበት።
ደግሞ ጧት ጧት ጣና፣ ዘይት የፈሰሰበት
ይመስል ሲተኛ፣ ነፋስ የት ይገኛል?
ሸራው እንደ ታጠበ ነጠላ ይሰቀላል።
"ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" አልኩኝ፣
ተረቱ ቀለለ፤ ዋጋው ግን ከበደኝ።

ባለ ታንኳው ይርሳው፣ ደንገሉን እያሰረ፣
"ለሽርሽር ነው?" ብሎ ጥቂት አንገራገረ፤
"የሚቸኩለውን ሰው ሲሄድም አየዋለሁ፣
ሲመለስ ግን ፊቱን፣ ያንኑ አገኘዋለሁ።"

ይታይሽን ይዤ ሁለቱን ሞከርን።
በፈጣኗ ጀልባ ሳንነሣ ደረስን።
"ወደድሻት ወይ?" አልኳት፣ ጮኼ በጆሮዋ፤
ራሷን ነቀነቀች፣ ሲበር የአንገት ልብሷ።
የሞተር ጩኸት ነው፣ አልኩና አለፍኩት፤
ስንት ዓመት እንዲህ ነው ምክንያት የሰጠሁት፦
ሬዲዮው ነው፣ ሰርግ ነው፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፣
ደክሟት ነው፣ ወይ ደግሞ ሌላ አላት ሐሳብ።

በማግስቱ ሌላዋን። ከቀትር በኋላ፣
ከደቅ በኩል ነፋስ መጣ፣ የሸራው ሆድ ሞላ።
ልየው ሞተሩን አጠፋው።
ዝም።
እንጨቱን የሚልሰው ውኃ ብቻ ነው የሚሰማው።
"ይታይሽ" አልኩኝ። ጀርባዋን እንደ ሰጠች።
"ይታይሽ" አልኩ ደግሜ። ዘወርም አላለች።

ሃያ ሰባት ዓመት፣ በፈረቃ ሌሊት፣
በጨርቃ ጨርቁ ቤት፣ ከሽመና መኪናው ፊት፣
ጆሮዋን ያ ጩኸት፣ ጥቂት በጥቂት፣
እንደ ብል ሲበላው፣ እኔ ባሏ ነበርኩኝ፤
ባንድ ትራስ ተኝቼ፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

እሷ የሸራውን ጠርዝ በጣቷ ትፈትሻለች፤
"ድሩ ጥብቅ ነው፣ ማጉ ላላ፤ እዚህ ጋ ክር ዘሏል" አለች።
ትከሻዋን ነካሁ። ዞር ብላ አፌን አየች።
"ይታይሽ" አልኳት፣ ስሟን ብቻ፣ እንደገና።
"ይታየኛል" አለች፣ ዓይኗ ወደ ሸራው ቀና፣
"ነፋሱ፣ ሲመጣም ሲሄድም፤ ይሄ መቼ ይደበቅና።"

ከዚያ ወዲያ ምርጫው የእኔ አልነበረም።
ልየው "ከፈጣኗ በመቶ ሺህ ትበልጣለች" ቢልም፣
ያን የዘለለ ክር በጥፍሯ አሳየችው፤
አርባ ሺህ አወረደ፣ ላብ ብቻ ነው የቀረው።

ታደገ ዛሬም ይስቃል፤ "ባለ በቅሎ" ይለኛል።
ጧት ጧት ነፋስ የለም፤ ሞተሩ ይነሣል።
ባለፈው ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ከወለሉ
አሳረፈችና፣ "አንዱ ፒስተን ይስታል፣ አይሠሩም ሁሉ፤
ሜካኒክ ጥራ" አለች።
ለእኔ ደህና ነበር፣ ምንም አልሰማሁም።
ሜካኒኩ ፈታው። እውነቷን ነበር።