የቅርብ ኃላፊ

የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ለቸርችል ቁልቁለት ተከፍቷል፤
የስልኬ መስኮት ግን ባሕር ማዶ ካለ ክፍል ውስጥ ገብቷል።
ተረኛ ነኝ ዛሬ።
ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ፣
ስልኬን በሽሮፕ ካርቶን አስደግፌ፣ ባንድ ጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ፣
ሌላውን ጆሮዬን ለሳል፣ ለትኩሳት፣ ለደንበኛ ትቼ፣
በአርባ አንድ ዓመቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፤
የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ፣ አንደኛ ዓመት፣ እማራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነው ያተረፍኩት።
«ክፍሉ በስምንት ሰዓት ይጀምራል» ነበር የላኩት፤
እኔም እንደ አገሬ ቆጥሬ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ከፈትኩት።
ማንም የለ። ጥቁር ሰሌዳ፣ መሐሉ ላይ የኔ ስም፦
አልጣሽ ዘርጋው።
ስሜን እንደዚያ ብቻውን ቆሞ አይቼው አላውቅም።

መምህርቷ ኦርላ ትባላለች። ይባላሉ።
ጠጉራቸው ጥጥ ነው፤ «ኦርላ በሉኝ፣ በቃ» ይላሉ።
እንዴት ሆኖ? ወይዘሮ ሳልል፣ እትዬ ሳልል?
እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ትቆነጥጠኛለች!
ይህ ቋንቋ አንድ «ዩ» ብቻ ነው ያለው፤
ለድመትም ያው፣ ለዳኛም ያው፣ ለእግዜርም ያው።
ብድግ የሚባልለት የለ፣ ቁጭ በል የሚባል የለ፤
ሦስት ሳምንት ሙሉ ምላሴ እንደ በቅሎ እምቢ አለ።
በአራተኛው አንድ የመኪና ደላላ ሳል ይዞት መጣና
«አንቺ! ፍጠኚ እንጂ!» አለኝ፣ መስታወቱን በቁልፍ መታ መታ አደረገና፤
እኔም በሆዴ «ዩ» አልኩት፣
መድኃኒቱንም መልሱንም ቆጥሬ ሰጠሁት።
እኩል ሆነን ተለያየን።

ስለ ወቅት ጻፉ ተባልን። «ኦክቶበር ቢጫ ነው» ብዬ ጀመርኩ።
«እውነት! በጣም ቢጫ!» የሚል ከኅዳጉ ላይ አገኘሁ።
አላረሙኝም፣ አላረምኳቸውም።
እሳቸው የሚረግፈውን ቅጠል አይተው፣ እኔ የፈካውን አደይ፤
ሰውና ሰው ከዚህ በላይ ይግባባል ወይ?

ከዚያ የሰፈር ጽሑፍ መጣ። አንድ ገጽ።
«አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን ፒያሳ» ብዬ ገባሁ፤
ዶሮ ማነቂያን፣ የእንጨት ደረጃችንን፣
ሲረግጡት እንደ ጫጩት የሚጮኸውን ሰባተኛውን እርከን፣
ሬዲዮ ጠጋኙን አቶ ቢሻውን፣
የሰው ሬዲዮ ሲጠግኑ የራሳቸውን ሲያንኳኩ የሚያመሹትን፣
ከቦኖው ሥር ሰው ተክቶ የሚሰለፈውን ቢጫ ጀሪካን፣
ሳልሳሳ ጻፍኩ።
ሲመለስልኝ «ሃቭ» በቀይ ተሰርዟል።
ከጎኑ፦ «አሁንም እዚያ ነሽ? ካልሆነ ‹ሊቭድ› ብቻ፤ ነገሩ አልቋል።»
(«ነሽ» ይሁን «ነዎት» በምን አውቃለሁ፤ «ዩ» ነው የሚለው።)

ልክ ናቸው። ገላን ነው የማድረው፣ በሁለት አውቶቡስ፤
ደረጃው የነበረበት ሣር ተተክሏል፣ መብራት በርቷል፣
ሰው ፎቶ ይነሳበታል እኩለ ሌሊት ድረስ።
እኛ ጋ፣ ሰባተኛ ክፍል፣ ይህ ጊዜ «የቅርብ ኃላፊ» ነበር የሚባለው፦
ኖሬያለሁ።
ድስቱ ወርዶ፣ ምድጃው ያልበረደለት ነው።
ሌላም የቅርብ ኃላፊ አውቃለሁ፣ ወረዳ፣ ሁለተኛ ፎቅ፤
ወረቀቱን የፈረመልኝ፣ ቀና ሳይል፣ ስሜን ሳይጠይቅ።
እሱም ኃላፊ ነውና፣ ዓመት ሳይሞላው አለፈ፤ ተነሣ አሉ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ሆነ። ክፍሉ ባዶ፣ ስሜ ብቻውን በርቷል።
«ሃቭ»ን አጠፋሁ። መለስኩ። አጠፋሁ።
በመጨረሻ ከቀዩ ሥር ጻፍኩ፣ ያለ ወይዘሮ፣ ያለ እትዬ፦
«ኦርላ፣ በቋንቋው ልክ ነሽ።
እግሬ ግን የትም ሕንፃ ደረጃ ስወጣ
ሰባተኛውን ይዘለዋል፣
ጎረቤት እንዳይነቃ።»

መስኮቱ ተንኳኳ። ሕፃን ያቀፈ አባት፣
ጃኬቱን ገልብጦ የለበሰ።
«የትኩሳት ሽሮፕ አለ?»

አለ፣ አልኩት።