ሥር እስኪይዝ

ቴፒ ነው አገሩ።
በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ከአውቶቡስ ወንበር ሥር ነው የመጣው፤
"ጥላ ይወዳል፣ ብርድ አይችልም" ብሎ አጎቴ ሻዎ ነው የሰጠው።
ዓለም ገና ግን ብርድ ናት።
ከተከራየሁት ክፍል ጀርባ፣ ከግራዋው ጋር አቆራኘሁት፣
ክረምት በላስቲክ ጋረድኩት፣
በጋ በሩዝ እጣቢ አጠጣሁት።

ስድስት ዓመት ሙሉ ወጣ፣
ወጣ እንጂ፣ አንዲት ፍሬ አላመጣ።
ዘነበወርቅ፣ የጎን ጎረቤቴ፣
"ምነው ልጄ፣ ቁንዶ በርበሬ ሱቅ በማንኪያ ይሸጣል እኮ" አለች።

ግንቦት ላይ እትዬ ደብሪቱ ደጄ ቆማ፣
"ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ" አለች፣ ዓይኗን ወደ ቧንቧው መልሳ፤
"ሰኔ ሠላሳ።"

አልጋ ይፈታል። ቁም ሣጥን ይፈታል።
በየአንጓው ቅርፊት የጨበጠ ሐረግ በምን ይፈታል?

ደወልኩ።
"እንዳትቆርጠው" አለኝ አጎቴ፣ "መጀመሪያ አጎንብሰው፤
ከታች ያለውን ለጋ፣ ሳትሰብር፣ ወደ መሬት መልሰው።
አንጓውን ከሥር በጥፍርህ ፋቅ፣ አፈር አልብሰው፤
ጫፉን ግን አታፍነው።
እናቱን ይጥባ እዚያው ሆኖ፤
ቀድመህ ከቆረጥክ፣ ቀረ በኖ።"
"ስንት ቀን?"
"እሱ ያውቃል።"

የዘይት ጀሪካን በቢላ ከፈልኩ፣
ከነገዎ በረት ፍግ ለመንኩ፣
ሐረጉን በሽቦ ቁራጭ ቆልፌ ድንጋይ ጫንኩ።

ሰኔ ሠላሳ አፈሩን ጫር አድርጌ አየሁ፦
ነጭ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ፣ አንድ።
አንድ ብቻ።
"አንድ ወር ጨምሪልኝ" አልኳት።
"ለምን?"
"ሥር አልያዘልኝም።"
ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፦
"ስድስት ዓመት ተቀምጠህ?"

የሐምሌን ኪራይ ሳትቀንስ፣ ሁለቴ ቆጥራ ተቀበለች።
ግን አንድ ሌሊት፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው፣
ባትሪ ይዤ ብሮጥ
የልብስ ሳፋዋን ደፍታበት አገኘሁ፤
ሳፋው ላይ ደግሞ ጡብ።

ነሐሴ ሲገባ በመቀስ ቆረጥኩት።
ድምፁ ትንሽ ነበር፣ የክር ያህል።
እናትየው ግራዋው ላይ ቀረች።
"ውሃ በስንት ቀን ነው?" አለች እትዬ ደብሪቱ፣
በሩን ስትዘጋ።

አይሱዙው ጋቢና ውስጥ፣ ጀሪካኑን በጉልበቴ መሃል ይዤ፣
አራት ቅጠል በየጉድጓዱ ይንቀጠቀጣል።
"ምንድን ነው?" አለ ሾፌሩ።
"ቁንዶ በርበሬ።"
"ያፈራል?"
በመስኮቱ የሰፈሩ ታፔላ በዝናብ ታጥቦ አለፈ፣
ግማሹን ባጃጅ ጋርዶት፣
የቀረችውን ቃል አነበብኩለት፦
ገና።