አዳኝ

ኖቬምበር ሲጠባ፣ በጎዞ ደሴት፣
ጋጋሪዎች ሁሉ ይጋግራሉ አጥንት፤
ለውዝና ስኳር ነው፣ ስሙ ግን የሙታን፣
በሳቅ ይቆረጥመዋል ሽማግሌ ከሕፃን።

በዚያ ሰሞን መጡ፣ ከሊድስ፣ ሦስት ሆነው፣
ሽቦና ካሜራ በሻንጣ ቆልፈው፤
ብርድ የሚለካ፣ ሹክሹክታ የሚያስቀር፣
ሙት ሲያልፍ የሚበራ አምፖል ሳይቀር።
«ሥራችሁ?» አልኳቸው።
«መንፈስ አዳኝ ነን» አሉኝ።
አዳኝ! እኔ የማውቀው አንድ አዳኝ ነበር፣
እሱም ከመሠዊያው በላይ፣ በምስማር።

ቪቶር እባላለሁ፤ ጨው በማፈስ ያረጀሁ፣
የቤተ ጸሎቱን ቁልፍ በወገቤ የያዝሁ፣
ከጨው ገበታው ዳር የፈረሰውንም ቤት፣
የሚስቴ የፊሉሜና አባት የሞቱበት፣
ሌሊት ኮቴ ይሰማል የሚሉት።

ቄሳችን ዱን ኢንድሪ ወሬው ደርሶት መጣ፣
ብስክሌቱን ጥሎ፣ ሳይነግሩት ተቆጣ።
«መንፈስ የለም አላልሁም፤ እንዲያ የሚል ቄስ
ቀሚሱን ይመልስ።
አትጥሩ ነው ያልሁት!
ሳኦል ንጉሥ ሆኖ፣ በሌት፣ ልብሱን ለውጦ፣
ከሙታን ሳቢዋ ደጅ ተገኘ፣ ክብሩን ሽጦ፤
ሳሙኤልም መጣ፣ ግን ሰላም አላለም፤
‹ስለ ምን አወክኸኝ?› ነው የቃሉ መቅድም።
የጠራችሁት ይምጣ፣ ይቅር፣ አታውቁም፤
ያልጠራችሁት ግን
በጠራችሁት ስም ‹አቤት› ማለት አያቅተውም።»

ዴክላን የሚሉት ሳቀ፦ «አባ፣ እኛ ማስረጃ ነው የምንፈልገው።»
ዱን ኢንድሪ ግንባሩን ጠረገ፦
«እኔም ማስረጃ አጥቼ ነው በየማለዳው የምቀድሰው።»
ብሎ ብስክሌቱን አነሣ።
ቁልፉን አልቀማኝም።

እውነቱን ልናዘዝ፦ ከፈትኩላቸው።
ሃያ ዩሮአቸውን ወስጃለሁ፣ አልዋሽም፤
ግን ለእሱ አልነበረም።
ፊሉሜና ካረፈች ሁለት ክረምት ሆናት፤
በዋዜማው ተጣልተን፣ በምናምን፣ በመስኮት፤
እሷ አረንጓዴ ይቀባ አለች፣ እኔ ዝም።
ያንን ዝም
ከላዬ የሚያነሣ ሣጥን ካለ ብዬ ነው።

በጨለማ ተቀመጥን። ዴክላን ጮኸ፦
«እዚህ ያለህ፣ ምልክት ስጠን!»
ነፋሱ በስንጥቁ ገባ፣ ወጣ።
ሣጥኑ አጉረመረመ፣ አሳለ፣ እንደ ታማሚ፤
አምፖሉ በራ፤
ከጉርምርምታው መሐል አንዲት ስባሪ ቃል፦
«አረን…»
የሲሲሊ ሬዲዮ ይሆናል።
ነፋስ ይሆናል።
እኔ ግን «አቤት!» ብዬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ፣
ጉልበቴ እየራደ፣ ማን እንደጠራኝ ሳላውቅ።

ሲነጋ ዱን ኢንድሪን ከዕቃ ቤቱ አገኘሁት፣
የሻማ ቁራጭ ሲለቅም።
ነገርኩት። አልጮኸብኝም።
«ቪቶር፣ እሷ በመንጻት መንገድ ላይ ናት እንበል፤
መንገደኛን ከኋላ ይጠሩታል?
ስንቅ ይልኩለታል እንጂ።»
ስሟን አስጻፈኝ፣ ከወሩ ሙታን ዝርዝር፣
ከሰጠመ ዓሣ አጥማጅና ከአንዲት መነኩሲት ሥር።
ንስሓዬንም ሰጠኝ፦
«ሂድ፣ መስኮቱን ቀባ።»

ሦስቱ አዳኞች በማለዳው መርከብ ሄዱ፣
ሻንጣ እየጎተቱ፣
ማንንም ሳያድኑ።

ቀባሁት። ቀለሙ ትንሽ ጠቁሯል፣ ከጥጉ አልደረሰም፤
እጄ እንደ ድሮው አይደለም።
ሲመሽ በዚያ ቤት ሳልፍ ኮቴው ዛሬም ይሰማኛል፤
አልጠራም። አቤትም አልልም።
አንድ «አባታችን ሆይ» ለስንቅ እጥልና
መንገዴን እቀጥላለሁ፣
ጨው የበላው ጫማዬ
በእያንዳንዱ እርምጃ እየጮኸ።