ስንዱ

ቦርሳው ከደረጃው ሥር ነበረ፣
ለክፉ ቀን የተቋጠረ፤
ብርድ ልብስ፣ ፋሻ፣ ክብሪት፣ የቆርቆሮ ባቄላ፣
ሬዲዮ ከነድንጋዩ፣ የውሃ ጀሪካን ከኋላ።
ስንዱ በየመስከረሙ አውጥታ ትቆጥራለች፣
ቀኑ ያለፈበትን ትለውጣለች፤
እኔ እስቃለሁ፦
«ስምሽንማ መልአክ ነው ያወጣው!»

ክፉው ቀን መጣና
ከቦርሳው ጀመረ።

ጥር ነው፣ ዊኒፔግ። የእሳት አደጋው ውሃ ረግቶ
ቤታችን ቆሟል፣ ውስጡ ከሰል፣ ላዩ መስተዋት ተቀብቶ።
አሥር ደቂቃ ፈቀዱልን። በአካፋ ቆፈረች፤
ፈንድቶ ያረረ የባቄላ ጣሳ አገኘች።
ለቤቱ ያላለቀሰች
ለባቄላው አለቀሰች።

ኮዋልቹክ ከማዶ መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
አንድ የእጅ ባትሪ በጓንቱ ሸጉጦ፤
«አምና መብራት የጠፋ ለታ ያዋስሽኝ…
ሳልመልስ ቆየሁ፣ አፈርኩ።»
ተጫነችው። በራ፣
በቀትር ፀሐይ፣ በበረዶው ላይ።
«እንኳን ረሳኸው!» አለችው፤
ከዚያች ሌሊት ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ማታ፣ በሞቴሉ ደረሰኝ ጀርባ፣
«፩. ባትሪ» ብላ ጻፈች።
ከሥሩ «፪.» አለችና
እስክሪብቶውን ሳትከድን
ተኛች።