ሁለት ፀጉር ወደ ግራ

አባቴ ታይስቶ ሲሞት ያወረሰን
ሁለት ጠመንጃ ነው፤ ሌላም አልነበረን።
ለወንድሜ ለአርቮ ባለ ሁለት አፉን፣
እርሳስ የሚበትን የቆቅ ማርገፊያውን፤
ለእኔ ለሌምፒ ግን ባለ ማንሻውን፣
ከምላጩ በታች ቀለበት ያለውን።

ሰደፉ ላይ ጥርስ አለ፣ የቡችላ ንክሻ፤
አባቴ አልፋቀውም፤ «ይቆይ ማስታወሻ፣
ከሰው የሚሻል ነው» ይል ነበር፣ «ያ ውሻ።»

የመዳብ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ክረምት ወርዶ
ነው የገዛው። እናቴ፣ ጫማ ያሰበችው፣
ዝም አለች። በኅዳር ከደጇ በረዶ
የሰባ አጋዘን ተጋድሞ አገኘችው፤
ዘልዝላ ስትጨርስ ዳግም አላማችው።

እኔ የምወደው ድምፁን ነው።
ማንሻው ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ ሲወጣ፣
ቀለሁ ተፈናጥሮ ሌላዋ ስትመጣ፦
ቀጭ — ቋ።
እንደ ጓዳችን በር፣ ሌሊት ከሥራ ገብቶ
እንዳንነቃበት በቀስታ ጎትቶ
ሲዘጋው።

ዘንድሮ ብቻዬን፣ ልክ ጎሕ ሲቀድ፣
ከሱፒሪየር ሐይቅ ነፋሱ ሲያብድ፣
ብርቱካን ሰደርያ፣ ሦስት ካልሲ ደርቤ፣
ከረግረጉ ዳር ጽድ ሥር ተሰብስቤ፣
ጣቴ ከብረቱ ጋር ሲቀዘቅዝ አብሮ
መጣ። አንገቱ አብጦ፣ ሴት ፍለጋ ሰክሮ።
አርባ እርምጃ አይሆንም። ትንፋሼን ያዝኩና
ክንዱ ሥር ሳብኩበት፤ ማሚቶው ሳይሞት ገና
ከግራው የቆመው ነጭ ዛፍ ተላጠ፤
እሱም ጭራውን ሰቅሎ ዘሎ አመለጠ።

ለመሳት ፉከራ የለም፣ አይሸለልም፤
ግን እኔ በአርባ እርምጃ ዛፍ መትቼ አላውቅም።

ከሳውናው ጀርባ የቀለም ጣሳ ክዳን ሰቀልኩ፣
ከረጢት አስደግፌ ሦስት ጊዜ ተኮስኩ።
ሦስቱም ቀዳዳ ወደ ግራ፣ ጎን ለጎን፣
አንድ ሳንቲም የሚሸፍናቸው።
መነጽሬን አደረግሁና ማነጣጠሪያውን አየሁት፦
ሁለት ፀጉር ያህል ወደ ግራ ሸሽቷል፤
የነሐስ ምስማር ጠርዙን መትቶት አብረቅርቋል፤
ድሮ የነበረበት መስመር ባዶ ቀርቷል።
ወድቆ አይደለም ይኼ። እጅ ነው። መዶሻ የያዘ፣ የማውቀው እጅ።

የቀኝ ዓይኑ ሲደክም፣ ለማንም ሳይናገር፣
ዓይኑን ማቃናት ቢያቅተው ብረቱን ያቃና ነበር።

ጋዜጣውን ሲያቀብለኝ፣
«አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ያምራል» ሲለኝ፣
እኔ ሞኟ
ድምፄ እውነት ያምራል ብዬ ጉሮሮዬን እጠርግ ነበር።

ያም አልበቃ ሲለው፣ ብረቱ ሲከዳው፣
ያንን ባለ ሁለት አፍ ትከሻው ላይ ጣለው።
«አጋዘን ሰለቸኝ» አለን፤ «ቆቅ ይሻላል።»
እኛም አመንን፤ የሽማግሌ አፍ ሌላ ምን ያምረዋል?
የሚበተን እርሳስ ይቅር ባይ ነው፣
ጥቂት ብትስቺ እሱ ያሟላዋል፤
አንዲቷ ጥይት ግን ምሕረት መች ታውቃለች፣
ወደ ላክሻት ሳይሆን ወዳየሽው ትሄዳለች።

ማታ አርቮ ደወለ። «ጣልሽ?»
«ሳትኩ።»
«በአባባ ጠመንጃ?» ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።
አልነገርኩትም።

ሲነጋ ምስማሩንና መዶሻውን አንሥቼ
ጠብ፣ ጠብ አደረግሁ፤ ትንፋሼን ገትቼ።
አንዱን ፀጉር መለስኩት ወደ ጥንት ቦታው፤
ሁለተኛውን ተውኩት፣
የሱ ነውና፣ ይቆየው።

ቅዳሜ፣ ረግረጉ ላይ አመዳይ እንደጣለ፣
ያው አንገቱ ያበጠ እዚያው ጽድ ሥር ዋለ።
አንድ ፀጉር ወደ ቀኝ ይዤ ሳብኩ።

ማንሻውን ዳግም ማውረድ አላስፈለገኝም።
ብቻ ድምፁን ለመስማት
አወረድኩት።